ስኒና ሲራራ



ዛሬ በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ እንግዳ ሲመጣ ቡና ይቆላል፤ ረከቦት ይቀርባል፤ ጎረቤት ይጠራል። ይህን የተመለከተ ሰው፣ ልማዱ ከጥንት አባቶች የተወረሰ ነው ቢል አይፈረድበትም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሰሜኑ ደጋ ክርስቲያን በአብዛኛው ቡና አይጠጣም ነበር። ይህም የሆነው ቡና ጠፍቶ አልነበረም። በጣና ዳር በዘጌ ይለማ ነበር፤ ከጊቤ አገር የሚመጣውም በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ፣ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ነገር ግን ከሲራራው ነጋዴዎች ብዙዎቹ እንደ ደሪጣ ባሉ የንግድ መንደሮች የሚኖሩ ሙስሊሞች ስለ ነበሩ፣ መጠጡ የሃይማኖታቸው ምልክት ተደርጎ ተቈጠረ። እንግዲህ የተፈራው ፍሬው ሳይሆን የነጋዴው እምነት ነበር። ይህ አስተያየት የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና ጠጡ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ደከሙ።

አጥሩን ያቆመው ንግድ በሩንም የከፈተ እርሱው ነው። ነጋዴው ሸቀጡን ከነስሙ አስረከበን። «አቦል» ከዐረብኛው «አወል»፣ ማለትም «መጀመሪያ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «በረካ»ም በረከት ማለት ነው። ዐረቦች ከቻይና የሚመጣውን ጥሩ የሸክላ ዕቃ በአገሩ ስም «ሲኒ»፣ ማለትም «ቻይናዊ» ይሉታል። የእኛ «ስኒ» ከዚያ የተገኘ ነው። «ሻይ»ም ከቻይንኛው «ቻ» ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ ነጋዴዎች አንደበት አልፎ ደርሶናል። ስለዚህ የስማዳ እመቤት «ስኒውን አቀብዪኝ» ስትል፣ ሳታውቀው የሩቅ አገር ስም ትጠራለች።

ያ ስም በጋይንት ሁለተኛ ጊዜ የተጠራው በመንገድ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰውን ጎዳና ቻይናውያን ስለ ሠሩት፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በቅሎ በተራመደበት አገር መኪና ተተካ፤ የቡናው ጭነትም በዚያው ይመጣል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ዛሬ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስታርቀው ስኒ ትናንት ሰውን ከሰው የሚለይ ነበር። ስለዚህ አንድን ነገር «መጤ ነው» ብለን ከመግፋታችን በፊት፣ የገዛ ረከቦታችንን እንመልከት። የአያቶቻቸውን ወግ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም ሳያልፉ፣ ቡና በየቤታቸው እንዴት እንደ ገባ ጠይቀን እንጻፍ።