የአንድ ጊታር ዝርዝርና የጫግኒ በጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ያልራቀ፣ ነገር ግን ከዕለት ሥራችን ወጣ ያለ ርእስ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጥቂት ካመነታሁ በኋላ ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ለመናገር ወሰንሁ። መሣሪያው ሰባት አውታር ያለው፣ የአውታሮቹም ርዝመት እንደየውፍረታቸው የተለያየ፣ በትእዛዝ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ጉዳዩ የጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በሥራ ዘመኔ ከጻፍኋቸው የቴክኒክ ዝርዝሮች ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ለዚህ ጊታር የጻፍሁት ነው፤ ትምህርቱንም ያገኘሁት በዝርዝሩ ውስጥ ከጎደለች አንዲት መልስ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በአዊ፣ ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ በለስ በሚወርደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጫግኒ ከተማ ነው። አያ እያልሁ የምጠራው የእናቴ ወንድም አናጢ ነው። በርና መስኮት፣ አልጋና ሣጥን ይሠራል፤ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ክራር ይሠራል። ገበቴውን ከዋንዛ ይፈለፍላል፣ ቆዳ ይወጥርበታል፣ ሁለቱን ቋሚዎች አቁሞ ቀንበሩን ያጋድምባቸዋል። የአውታርን ጠባይ መጀመሪያ ያየሁት በእርሱ እጅ ላይ ነው። የአውታርን ሕግ የተማርሁት ግን ዘግይቼ፣ በዩኒቨርሲቲ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሴን በ1636 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ የአንድ አውታር ድምፅ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል። ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆን ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል። በአንድ ሜትር የሚመዝነው ክብደት አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ንዝረቱ በግማሽ ይቀንሳል።

እንግዲህ በተለመደው ጊታር ላይ ስድስቱም አውታሮች ርዝመታቸው እኩል ነው፤ በፌንደር ስትራቶካስተር 648 ሚሊ ሜትር፣ በጊብሰን ሌስ ፖል 628 ሚሊ ሜትር ያህል። ቀጭኑ አውታር በሴኮንድ 329.6 ጊዜ ሲነዝር ወፍራሙ 82.4 ጊዜ ይነዝራል። ርዝመቱ እኩል ስለሆነ ይህን የአራት እጥፍ ልዩነት የሚሸከሙት ውጥረትና ክብደት ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ 61.7 ጊዜ የሚነዝር ሰባተኛ አውታር ሲጨመር ችግሩ ይበረታል። አውታሩ በጣም ከወፈረ እንደ ክር መሆኑ ቀርቶ እንደ ብረት ዘንግ ይደነድናል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ድምፆችም ከቦታቸው ከፍ ይላሉ። እንዳይወፍር ተብሎ ከላላ ደግሞ ይንዘላዘላል፣ ሲመታም ድምፁ ይዋዥቃል።

መፍትሔው ወፍራሙን አውታር ማስረዘም ነው። የፒያኖ ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። የክራርና የበገና አውታሮችም ከበርኩማው ተነሥተው ወደ ቀንበሩ ሲወጡ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ጊታር ግን በአንገቱ ላይ የብረት ፍሬቶች ስላሉት ነገሩ ይወሳሰባል፤ የአውታሮቹ ርዝመት ሲለያይ ፍሬቶቹም ተጋድመው መተከል አለባቸውና። በእንግሊዝ አገር በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ይሠራ የነበረው ኦርፋሪዮን የተባለ መሣሪያ እንዲህ ያሉ የተጋደሙ ፍሬቶች ነበሩት። በዘመናችን ደግሞ አሜሪካዊው የጊታር ሠሪ ራልፍ ኖቫክ በ1989 እ.ኤ.አ. ለዚሁ አሠራር የፈጠራ መብት ወሰደ። የመብቱ ዘመን ካለፈ በኋላ አሠራሩ በብዙ ሠሪዎች እጅ ገብቷል።

ስለ ምን ይህን ፈለግህ የሚለኝ ይኖራል። በተማሪነቴ ጊታር የተማርሁት ሰላም ሥዩም ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወታቸውን ሙዚቃዎች በማዳመጥ ነው። እነዚያን ሙዚቃዎች የሚያቆማቸው ግን ከጊታሩ ሥር የሚሄደው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ እንደ ሆነ ቆይቶ ገባኝ። በከተማችን ከእኔ ጋር ቤዝ የሚጫወት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ትዝታን ብቻዬን ስጫወት ዜማውንም ከሥር የሚሸከመውንም ድምፅ የሚሰጠኝ አንድ መሣሪያ ተመኘሁ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በሰሜን አውሮፓ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ለሚሠራ አንድ ባለሙያ ትእዛዜን ላክሁ። ገንዘቡ እኔና ባለቤቴ በቤታችን ላይ አንዲት ክፍል ለመጨመር ያጠራቀምነው ነበር። ባለቤቴን ሳማክራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ክፍሉ ቢዘገይ ቤቱ አይፈርስም። ነገር ግን ይህ ነገር ከመጣ በኋላ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንዳላየው» አለችኝ። እኔም ቃል ገባሁ።

ሠሪው አርባ ያህል ጥያቄዎች ላከልኝ። ያን መጠይቅ በምን ያህል ደስታ እንደ ሞላሁት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የቀጭኑን አውታር ርዝመት 648፣ የወፍራሙን 686 ሚሊ ሜትር አደረግሁ። በዚህም የወፍራሙ አውታር ውጥረት፣ ክብደቱና ድምፁ ሳይለወጡ፣ በመቶ 12 ያህል ይጨምራል። ሳይጋደም ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሰባተኛው ፍሬት እንዲሆን መረጥሁ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በስሌት ይገኛል። እያንዳንዱ ፍሬት የሚተከለው የቀረውን ርዝመት ለ17.817 በማካፈል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፍሬት በቀጭኑ በኩል 36.4፣ በወፍራሙ በኩል 38.5 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። የ38 ሚሊ ሜትሩም ልዩነት 12.6ው ወደ አንገቱ ጫፍ፣ 25.4ው ወደ በርኩማው ይከፈላል። የ50 ኸርዝ መስመር እምታ ከወፍራሙ አውታር ድምፅ ጋር እንዳይቀላቀል ድምፅ ተቀባዮቹ ተቃራኒ የተጠመጠሙ ሁለት ሁለት መጠምጠሚያዎች እንዲኖራቸው አዘዝሁ። ዝርዝሩ አንዳች የጎደለው አልመሰለኝም።

ጊታሩ ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በአንድ ዘመዴ እጅ ደረሰኝ። ስሌቱ ሁሉ ልክ ነበር። የተጋደሙት ፍሬቶች ለዓይን እንግዳ ቢሆኑም እጄ በሁለት ሳምንት ለመዳቸው፤ እጅ ከትከሻ ተነሥቶ በአንገቱ ላይ ሲሄድ እርሱም እንደ ማራገቢያ ይዞራልና። ወፍራሙ አውታር የጠራ፣ የማይንዘላዘል ድምፅ ሰጠ። በዚያ ወር እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

የካቲት ሲገባ ግን የግራ እጄ መዳፍ ይቧጨር ጀመር። በመጋቢት ደግሞ የፍሬቶቹ ጫፎች በአንገቱ ጠርዝና ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጥተው ታዩ። አንዳንዱ አውታርም ይነዝረው በነበረበት ቦታ ይንሿሿ ጀመር። ለሠሪው በቁጣ ጻፍሁለት። የመለሰልኝ መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ የሞላሁትን መጠይቅ ሠላሳ አንደኛ ጥያቄ እንድመለከት ጠየቀኝ። ጥያቄው «መሣሪያው የሚኖርበት አገር አየር ምን ዓይነት ነው? እርጥበቱስ በየወቅቱ እንዴት ይለዋወጣል?» የሚል ነበር። እኔ በአንዲት ቃል «መካከለኛ» ብዬ አልፌዋለሁ።

ባልደረቦቼ፣ የርዝመትን አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያሰላ ሰው፣ ተወልዶ ያደገበትን ከተማ ክረምትና በጋ በአንዲት ቃል አለፈው። የጫግኒ ዝናም ሲይዝ ለወራት ይይዛል፤ በጋው ሲገባ ደግሞ ምድሩ ይሰነጠቃል። መካከለኛ የሚባለው በሁለቱ መካከል የሚገኝ አኀዝ ነው፤ እንጨት ግን በአማካይ አየር ውስጥ አይኖርም። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። የአውታሮቹ ርዝመትና የድምፁ ስሌት ሳይነካ አንገቱ ብቻ የጠበበው ስለዚህ ነው። ብረቱ ግን ከእንጨቱ ጋር አይጠብብም፤ እንዲያው ተርፎ ይወጣል።

ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁት። ዝናም ሲመጣ እንጨቱ ይመለሳል ብዬ ለመጠበቅ አሰብሁ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ባለቤቴ ሣጥኑን እየወለወለች፣ «ገባ አይደል?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግሥቱ ጊታሩን ይዤ ወደ አያ ቤት ሄድሁ።

አያ ጊታሩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ስለ አውታሮቹ ርዝመት የጀመርሁትን ገለጻ አቋረጠና፣ «ይህ እንጨት የት አደረ?» ብሎ ጠየቀኝ። በባሕር ዳርቻ እንደ ተሠራ ነገርሁት። «እኔ ለክራር የምሻውን ዋንዛ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ ሁለት በጋ አሳልፈዋለሁ። መጨረስ ያለበትን ሁሉ ከእኔ ዘንድ ይጨርስ ብዬ ነው። ያንተው ገና መንገደኛ ነው» አለኝ።

«እንግዲያ አያ፣ ክረምቱ እስኪገባ እንጠብቅ?» አልሁት።

«ክረምት ሲገባማ ያብጥና ጥርሱን ይደብቅብሃል፤ በሚቀጥለው በጋ መልሶ ይነክስሃል። አሁን ነው ጊዜው። ከዚህ የበለጠ አይደርቅም።»

ነገሩ እውነት ነበር። ብረቱ መሞረድ ያለበት እንጨቱ እስከ መጨረሻው በጠበበበት ወቅት ነው፤ በዚያ ጊዜ ከተስተካከለ በሌላው ወቅት ሁሉ ወደ ውጭ አይወጣም። የአንገቱን ጠርዝ በወፍራም ወረቀት ሸፍኖ፣ ጫፎቹን አንድ በአንድ በደቃቅ ሞረድ አስተካከላቸው። ግማሽ ቀን ወሰደበት። እኔም የአንገቱን ውስጥ ዘንግ በጥቂቱ አዙሬ አንገቱን አቀናሁት፤ መንሿሿቱም ቀረ።

ከዚያም ክራሩን አወረደና በትዝታ ቃኘ። እኔ በኤሌክትሪክ መቃኛዬ ጊታሩን ልክ አደረግሁት። አብረን ስንጀምር ግን ተጋጨን። መቃኛው እኔ ልክ እንደ ሆንሁ ይመሰክራል፤ ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። አያ ክራሩን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው፤ ፍሬት ደግሞ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ይተክላል እንጂ የማንንም ጉሮሮ አያውቅም። መቃኛውን አጠፋሁና አውታሮቹን በክራሩ ድምፅ መሠረት ቃኘኋቸው። ሁሉም ማስታወሻ አልተገናኘም፤ የሚበዛው ግን ተገናኘ። ወፍራሙን አውታር ክፍቱን እየመታሁ እርሱ በላይ ተጫወተ። ሲጨርስ፣ «ወፍራሙ ጥሩ ነው። ግን አታብዛው» አለኝ።

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፤

ይህን ሁሉ የተረክሁት እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ዕለት ዕለት ዕቃ የምናዝ ሰዎች ስለሆንን ነው። ለምሳሌ ትራንስፎርመርን እንውሰድ። ዓለም አቀፉ ደረጃ መደበኛ የሥራ ሁኔታ ብሎ የሚወስደው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ጫግኒ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት፤ እንጅባራ ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳል። በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ዕቃውን እንደሚገባ አያቀዘቅዝም፤ የመከለል ኃይሉም ይቀንሳል። ከመጠይቁ ላይ «መደበኛ» የምትለውን ቃል ሞልቶ የሚያልፍ መሐንዲስ፣ እኔ «መካከለኛ» ብዬ እንዳለፍሁት ሁሉ፣ የአገሩን ተራራ ረስቶታል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የእኔ ስሕተት የቧጨረው የራሴን መዳፍ ብቻ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ስጽፍ ሦስት ነገሮችን አስቀድማለሁ። ከቁጥሮቹ በፊት ዕቃው የሚውልበትን ስፍራ፣ በዓመቱ እጅግ ከከፋው ወር ጋር፣ እጽፋለሁ። ሁለተኛም፣ በዚያ ስፍራ ተመሳሳይ ነገር በእጁ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ፊደል ባይቆጥርም እንኳ፣ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። በመጨረሻም፣ ዕቃው ከማን ጋር አብሮ እንደሚሠራ አጣራለሁ፤ ብቻውን ልክ የሆነ ነገር ከሌላው ጋር ሲሆን ላይስማማ ይችላልና።

የቤታችን ክፍል ከሁለት ዓመት በኋላ ተሠርቶ አለቀ። ጊታሩ በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ሣጥኑንም ባለቤቴ የብርድ ልብስ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ የአንገቱን ጠርዝ በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ። እስካሁን አልነከሰኝም።