መጋቢ እናቶችና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት
(በምረቃ በዓል ላይ በተጋባዥ እንግዳ የቀረበ ንግግር)



በምረቃ በዓል ምስጋና የሚቀርብላቸው ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ መምህሩ ስላስተማረ፣ ወላጅ ስላሳደገ፣ ተመራቂውም ስለደከመ ይወደሳል። ይህ ንግግር የሚያስባቸው ግን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው ልጆች እያበሰሉ የራሳቸውን ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ከእነርሱም መካከል የልጆቻቸውን ምረቃ ሳያዩ ያለፉ እናቶችን ነው። በአዲስ አበባ እነዚህ ሠራተኞች «መጋቢ እናቶች» ይባላሉ፤ ይኸውም በትምህርት ቤት ምገባ መርሐ ግብር፣ ማለትም ተማሪዎች በትምህርት ቀናት በግቢያቸው ያለ ክፍያ እንዲመገቡ በሚያደርገው አሠራር፣ ምግብ የሚያበስሉና የሚያቀርቡ ሴቶች ማለት ነው። የእነዚህ ሴቶች ሕይወት በፍቅርና በመሥዋዕትነት ብቻ ሲተረክ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል፤ የቀረው ግማሽ ሙያ ነው፤ ይህም ሙያ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ የሚገባውን ቦታ ገና አላገኘም።

ልጅን በትምህርት ቤት መመገብ ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ አሠራር አይደለም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1906 የአካባቢ አስተዳደሮች ለተማሪዎች ምግብ እንዲያቀርቡ በሕግ የፈቀደችው፣ በደቡብ አፍሪካ ባካሄደችው የቦር ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በአካል ብቁ ሆነው ባለመገኘታቸው ካደረባት ስጋት በኋላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በፕሬዚዳንት ትሩማን ፊርማ የጸደቀው የአሜሪካ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግም የልጆችን ጤና ከአገር ደኅንነት ጋር አያይዞ ደንግጓል። በኢትዮጵያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ምገባን እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በበጎ አድራጊዎች ጥረት ሲካሄድ የቆየውን ሥራ የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 በራሱ በጀት ተረክቦ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀምሯል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችም ሥራ አግኝተውበታል። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ሕግ አውጪውና ለጋሹ በስም ይጠቀሳሉ፤ ድስቱን ያማሰለችው ሴት ግን አትጠቀስም።

የመጋቢ እናት ሥራ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ተማሪው ክፍል ከመግባቱ በፊት ቁርሱን መብላት ስላለበት፣ እርሷ የራሷን ልጆች አልብሳ ወይም ለታላቂቱ አደራ ብላ በጨለማ ከቤት ትወጣለች፤ ውኃ ይጣዳል፣ ሻዩ ይፈላል፣ የፍርፍሩ ቁሌት ይቁላላል፤ የቁርሱ ሳህን ታጥቦ ሳያልቅ የምሳው ምስር ተለቅሞ መታጠብ አለበት። ለአምስት ሰው ወጥ መሥራትና ለአምስት መቶ ሰው መሥራት ደግሞ በመጠን ብቻ የሚለያዩ ሥራዎች አይደሉም፤ በትልቅ ድስት ውስጥ ላዩ ሳይበስል ሥሩ ያርራል፣ ጨው አንድ ጊዜ ከበዛ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው፣ እሳቱን የሚቆጣጠር ሰው ለአፍታ ዘወር ካለ የአንድ ሙሉ ፈረቃ ልጆች ምሳ ይበላሻል። ይህን ሁሉ በዐይን፣ በአፍንጫና በእጅ የሚለካ ችሎታ ከዓመታት ልምድ በቀር በሌላ መንገድ አይገኝም።

ከዚህ ችሎታ ውስጥ ሳይንስ ዘግይቶ ያረጋገጠው አለ። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲቦካ፣ ከሊጡም ጥቂቱ ተቀንሶ ውኃ ውስጥ ከተቀቀለ በኋላ ተመልሶ ሲቀላቀል፣ ማለትም አብሲት ሲጣል፣ እንጀራው ዐይን ያወጣል፣ ይለሰልሳልም። በዚሁ የመብካት ሂደት በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ፋይቴት ብረትንና ዚንክን አስሮ ሰውነት እንዳይመጥጣቸው የሚያደርግ በመሆኑ፣ በአግባቡ የቦካ እንጀራ የሚበላ ልጅ ከምግቡ የሚያገኘው ጥቅም ይጨምራል። የሥነ ምግብ ተመራቂ ይህን በቤተ ሙከራ ተምሮታል፤ ሊጡ ሳይቦካ ለመጋገር የማትቸኩል እናትም ያንኑ ውጤት በየዕለቱ ታስገኛለች፤ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢገናኙ ተጠቃሚው ልጁ ነው።

ስለ ልጆቹም ቢሆን መጋቢ እናት የምታውቀው ብዙ ነው። ቅዳሜና እሑድን ያለ ትምህርት ቤት ምግብ አሳልፎ ሰኞ ጠዋት ሳህኑን ከሁሉም ቀድሞ የሚያጋምሰውን፣ ዳቦውን ከፍሎ ለታናሹ በኪሱ የሚደብቀውን፣ ከአንድ ሳምንት ወዲህ ምግብ አልበላ ያለውን ልጅ ከመምህሩ ቀድማ ልታይ የምትችለው እርሷ ናት። የራሷ ልጅ በዚያው ግቢ የሚማር ከሆነ ደግሞ ከባዱ ፈተና እዚያ ላይ ይመጣል፤ በሰልፉ ተራው ደርሶ ፊቷ ሲቆም እናትነቷ ጭልፋውን ሞልቶ እንዲወጣ ይገፋፋታል፣ ሥራዋ ግን ከፊቱ ለቆመውና ከኋላው ለሚጠብቀው ልጅ የሚደርሰውን ያህል ብቻ እንድትሰጠው ያዛታል። በዚያች ቅጽበት እኩል አድርጋ የምትቀዳ ሴት ለልጇ ፍትሕን እያስተማረችው ነው፤ ይህን ትምህርት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህች ሴት ቃል ሳይሰማ ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት ዓለም በመራር ምሳሌ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሕንድ ቢሃር ግዛት በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ በፀረ ተባይ መድኃኒት በተበከለ የምግብ ዘይት የተሠራ ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞተዋል። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች እንዳመለከቱት፣ አብሳይዋ ዘይቱ እንዳላማራት ተናግራ ነበር፤ ይሁንና በዚያው እንድትቀጥል ታዘዘች፣ እርሷም ምግቡን ቀምሳ ሆስፒታል ገባች። አደጋው የዕውቀት ማነስ ውጤት አልነበረም፤ ዐዋቂዋ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ስላልነበራት የደረሰ ነው። በዚያችው አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳዮች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በማዕከላዊው መንግሥት የተወሰነላቸው መነሻ ክፍያ በወር 1,000 ሩፒ ሲሆን፣ ይህም «ደመወዝ» ሳይሆን «የክብር አበል» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ክብር የሚለው ስም የሠራተኛን መብት መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

በኢትዮጵያም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እናትነት በሕዝቡ ዘንድ ካለው ትልቅ ክብር የተነሣ መጋቢ እናትን «እናት» ብሎ ማወደስ ቀላል ነው፤ ውዳሴው እውነተኛ ነው፣ ከልብም የመነጨ ነው፣ ነገር ግን ውል፣ ጡረታና የሕመም ፈቃድ ሊተካ አይችልም። ክፍያ ምገባ ከሚካሄድባቸው ቀናት ጋር ብቻ ሲታሰር ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ያለ ገቢ ያልፋል፤ ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚጠይቀው መስከረምም ወዲያው ይደርሳል። በማገዶ የሚበሰልበት ወጥ ቤት ጭስ መውጫ ከሌለው ጢሱ ለዓመታት በሳንባዋ ይጠራቀማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የማገዶ ጢስን ለሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ልጇን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ልታበቃ የምትደክም ሴት የምታበስልበት ክፍል ጤናዋን እየወሰደባት ከሆነ፣ በቀብሯ ላይ የሚነገረው የምስጋና ቃል ምንም ያህል ቢያምር ዘግይቷል።

ዛሬ ከትምህርት አስተዳደርና ከሥነ ምግብ የትምህርት ክፍሎች የሚመረቁ ወጣቶች ነገ ርእሰ መምህራን፣ የምግብ ዝርዝር አዘጋጆች፣ በጀት አጽዳቂዎች ይሆናሉ። የሚጠበቅባቸውም ግልጽ ነው። የምግብ ዝርዝር ሲወጣ አብሳይዋ በስብሰባው እንድትገኝ፣ የተጠራጠረችውን ዘይትና እህል የመመለስ ሥልጣኗ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ የበሰለ ምግብ ሳይቀርብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይና ጥሬው ከበሰለው እንዲለይ የሚያስችል ዕቃና ቦታ እንዲሟላላት፣ በትምህርት ቤቱ የሠራተኞች መዝገብ ውስጥም ከመምህራን ጋር በስሟ እንድትመዘገብ ማድረግ በእነርሱ እጅ ያለ ነገር ነው። ወደ አዲሱ የሥራ ቦታቸው በሄዱበት በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ወጥ ቤቱ ጎራ ብለው የእያንዳንዷን አብሳይ ስም ይጠይቁ፤ ከእነርሱም መካከል በሞት የተለየች ካለች የሥራ ዘመኗ በትምህርት ቤቱ የታሪክ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ልጆቻችሁን ለዚህ ቀን አብቅታችሁ በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ እናቶች፣ እናቶቻችሁንም በሞት ተለይታችሁ ብቻችሁን ጋዋን የለበሳችሁ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።