«ነገ ተመለሽ» አንበል



ተደብድባ ከጃናሞራ የመጣች እናት የሐኪም ማስረጃ ስትጠይቀን «ነገ ተመለሽ» እንላታለን። ነገ ለእኛ አንድ ቀን ነው፤ ለእሷ ግን አራዳ ላይ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መሳፈሪያ ነው። ብሯ ሲያልቅ አገሯ ትገባለች፤ ክሱም በዚያው ይቀራል። እኔም እንዲህ ያልኳት ሴት ነበረች። አልተመለሰችም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ጠበቃ መቅጠር የማይችል ድሃ ግን ዳኛ ፊት ይዞት የሚቆመው የእኛን ወረቀት ነው። ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ሐሳቡ ባለሙያ ገጠር እንዲወርድ ነበር። እኛ ቢያንስ ከገጠር የመጣውን አናመላልስ። ማስረጃውን በዕለቱ፣ በሚነበብ ጽሑፍ እንስጥ፤ ፍርድ ቤት ሲጠራንም እንሂድ።