የፓሪሱ የብረት ማማ

ልጆች! እርሳሳችሁን ለጊዜው አስቀምጡና አድምጡኝ።

ማማ ሲባል የምታውቁት ማሽላው ሲያሸት ወንጭፍ ይዛችሁ ወፍ የምትጠብቁበትን አይደለም? ዛሬ የምነግራችሁም እንደዚያው አራት እግር አለው። ነገር ግን ብረት ነው፤ ቁመቱም 330 ሜትር ነው። አሥር አሥር ሜትር የሚረዝም ባሕር ዛፍ ብትቀጣጥሉ 33 ዛፍ ይፈጃል ማለት ነው። የሚገኘው በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ፣ በሴን ወንዝ ዳር ነው፤ ኤፌል ይባላል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት 100ኛ ዓመት ሲከበር ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። ማማው ለዚያ መግቢያ እንዲሆን በ1887 ተጀምሮ በሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ አለቀ። 18,038 የብረት ቁራጮች ተገጣጠሙ፤ ያያዟቸውም ሁለት ሚሊዮን ተኩል ችንካሮች ናቸው። ለአንዱ ችንካር አራት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ያግላል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ አናቱን ያበጃል፣ አራተኛው በመዶሻ ይመታል። ስሙ የወጣው ግን በድርጅቱ ባለቤት በጉስታቭ ኤፌል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ንድፍ የነደፉት እንኳ በእርሱ ሥር የሚሠሩ ሁለት መሐንዲሶች፣ ሞሪስ ኬክለንና ኤሚል ኑጊዬ ነበሩ። እኔ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልወድም።

ነፋስ አይጥለውም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። አካሉ እንደ ወንፊት ክፍት ስለሆነ ነፋሱ በመሐሉ ሾልኮ ያልፋል። ፀሐይ ሲበረታበት ደግሞ ብረቱ ስለሚለጠጥ እስከ 15 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ሲበርድ ይመለሳል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ገና ሥራው ሲጀመር ስመ ጥር ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ከተማውን ያበላሻል ብለው በጋዜጣ ተቃውመውት ነበር። እንዲቆም የተፈቀደለትም ለ20 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በ1909 ሊፈርስ ነበር። ታዲያ ምን አዳነው? ራዲዮ! ኤፌል ማማው ለሳይንስ ምርምር እንዲያገለግል አጥብቆ ይጥር ነበርና፣ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ አንቴና ተተከለበት። የጦር ሠራዊቱም ጥቅሙን አየ። ያ ሁሉ ብረት ተነቃቅሎ ሊሸጥ ሲገባው፣ ፈቃዱ ከ1910 ጀምሮ ለ70 ዓመት ታደሰለት። ዛሬም የራዲዮና የቴሌቪዥን አንቴና ተሸክሟል፤ ከ324 ወደ 330 ሜትር ያደገውም በ2022 አዲስ አንቴና ሲጨመርለት ነው።

በሉ አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። 330ን በግእዝ አኃዝ ጻፉና ለአስተማሪዎቻችሁ አሳዩ።