ብዕር፥ ቡሩሽና ዛፍ

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሦስት ተማሪዎች ነን። አንዳችን የጋይንት፥ አንዳችን የስማዳ፥ አንዳችን የእስቴ ልጅ ነን። አንዱ ሥነ ጽሑፍ፥ አንዱ ሥዕል፥ አንዱ የአካባቢ ጥናት ይማራል። በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ «ለአገር የሚጠቅመው የማንኛችን ትምህርት ነው?» እያልን ስንከራከር ኖረናል። ክርክሩ ያለቀው ግን እስቴ ውስጥ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ነገሩን እንደ ሆነው እንነግራችኋለን።

በክረምቱ ዕረፍት የደኑን ዛፎች ልንቈጥር ሄድን። አገራችንን የሚያውቅ እንደሚመሰክረው፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎ ቈላ ድረስ ሞፈር ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። አገር በቀሉ ዛፍ ተጠግቶ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረበት ስፍራም ችግኝ ይበልጥ እንደሚተርፍ በሙከራ አሳይተዋል።

እኛም ቈጠርን። ሽማግሌ ዛፍ ብዙ፥ ችግኝ ግን ጥቂት ሆኖ አገኘነው። የአካባቢ ጥናት ተማሪው አራት ገጽ ጽፎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሽማግሌዎቹ አነበበ። በጨዋ ደንብ አዳመጡን፤ «እግዜር ይስጥልን፥ ልጆቼ» አሉን፤ ወዲያውም ወሬው ወደ ዝናቡ ዞረ። ወረቀታችን እዚያው ሞተ።

በማግስቱ ሠዓሊው ጊዜ ለማሳለፍ ያህል ደኑን በሰፊ ወረቀት ላይ ይነድፍ ጀመር። አንድ አረጋዊ ቄስ ጐንበስ ብለው አዩና፥ «ይህ ዋንዛ እዚህ አልነበረም፤ ወደ ምንጩ ነበር» አሉ። ሌላው ቀበል አድርገው «ምንጩስ የት ሄደ?» አሉ። ሰው ተሰበሰበ። የትኛው ወይራ የት እንደ ነበረ፥ የትኛው ጥድ በየትኛው ዘመን እንደ ወደቀ፥ በሥሩ ማን እንደ ተቀበረ ይነገር ጀመር። አንዱ ሣለ፤ አንዱ ቃላቸውን ጻፈ፤ አንዱ በመጽሐፋችን የሌለውን የዛፍ ስም ጠየቀ። ሲመሽ በሽማግሌዎቹ ልጅነት የነበረው ደን በወረቀት ላይ ቆመ። ከዛሬው ጋር ጐን ለጐን ስናስቀምጠው ቄሱ ዝም ብለው ቈዩና «እኛ እያየን ነው የሄደው» አሉ።

እንግዲህ «ቅጥሩን በድንጋይ እንጠር፤ ጥጃ አይግባ» ተባለ። በዚህ ጊዜ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ተነሡ። «ታዲያ የኔ ሁለት ጥጆች ወዴት ይሂዱ? ዛፉን ሁሉ ሥላችኋል፤ የኔን ጥጆች ግን በሥዕላችሁ አላየኋቸውም» አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ የምንመልሰው አጣን። ብዙ ከተመከረ በኋላ አስቀድሞ በምንጩ በኩል ያለው ወገን ብቻ እንዲታጠር፥ በዚያ የሚበቅለውም ሣር እየታጨደ መሬት ለሌላቸው እንዲሰጥ ተስማሙ። ደኑን አዳንን አንልም። ስንመለስ ግንቡ ገና ከጉልበት አልዘለለም ነበር። ሠዓሊው ግን ሁለቱን ጥጆች በሥዕሉ ጨምሮ ነው የመጣው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኗን ታውቃላችሁ። የጥንቱ ተማሪ የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣ፥ ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጥ፥ መቃ ቀርጾ ብዕር ያደርግ ነበር። ጽሕፈቱን ከእጅ ሥራው፥ የእጅ ሥራውንም በዙሪያው ከሚበቅለው ለይቶ አያውቅም። ሦስቱን በግድግዳ የለያየነው እኛ ነን። ዶክተር ዓለማየሁም «እመጓ»ንና «ዝጎራ»ን የጻፉ ደራሲ ናቸው። የደን ጥናት ከቶ የማይገልጥ ሰው መጻሕፍታቸውን ያነባል።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ስለ ገጠር የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሁሉ፥ ጽሑፋችሁን ወደ ተጻፈለት ሰው መልሳችሁ ውሰዱት። ማንበብ ለማይችል ሣሉለት፤ የሚያርማችሁንም አመስግኑ። የኛ ወረቀት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ ችግኙ በጥጃ አፍ፥ የድኻዋም አቤቱታ በዝምታ እንዳያልቅ።