ደጋፊ ቡድኑን ተከትሎ ከአገር ይውጣን?

(በዘንገና ሐይቅ አጠገብ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ እንዲነገርበት የታዘዘው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በውጭ አገር ለሚደረግ ታላቅ ውድድር ያለፈ እንደ ሆነ ደጋፊው ተከትሎት ይሂድ ወይስ በአገሩ ተቀምጦ ይመልከት የሚል ነው። ነገሩ ከቡና ቤት ጨዋታነት አልፎ ከማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ የቻለው ግን፣ አንዳንድ አባላት እ.ኤ.አ. በ2027 ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ በጋራ ለተሰጠው የአፍሪካ ዋንጫ ጉዞ ከመረዳጃው ገንዘብ ብድር ይፈቀድ ብለው ሐሳብ በማቅረባቸው ነው። የመረዳጃው ገንዘብ ለሕመም፣ ለሐዘንና ለልጆች ትምህርት የተዋጣ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የኳስ ብቻ አይደለም።

እስከ ዛሬ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ተሰምተዋል። አንደኛው ወገን፣ ጨዋታው ከስታዲዮም ወንበር ይልቅ በቴሌቪዥን አጥርቶ ስለሚታይ፣ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ አንድ ስኒ ቡና ታዝዞ የሚታየውን ነገር ለማየት ድንበር መሻገር ከንቱ ወጪ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ሰንደቅ ዓላማው በባዕድ ሜዳ ሲሰቀል የሚያጨበጭብለት የገዛ ወገኑ ካልተገኘ ቡድኑ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ይቆጠራል ባይ ነው። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን የሚከራከሩት ሊሆን ይችላል በሚሉት ላይ እንጂ በሆነው ላይ አይደለም። የሆነውም በጥር ወር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የታየው ነው።

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ደጋፊው የሚሄደው መንገድ ከየሰፈሩ እስከ ስታዲዮሙ ብቻ ነበር። በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.ም ውድድሩ የተካሄደው በዚሁ አገር ነው። ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን በሩ ተዘጋ፤ ሳይከፈትም 31 ዓመት ቈየ። የተከፈተው በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ የተመለሰው ቡድን በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በሰው ሜዳ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ አለፈ። በዚያች ሌሊት አንድ ትውልድ ሙሉ አይቶት የማያውቀውን ደስታ አየ። ከዚያ በኋላ «ልሂድ» የሚለው ሰው ቢበዛ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በኔልስፕሩይት ከተማ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ነበር፤ ቀኑም ጥር 13 ሲሆን፣ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫው ከተወሰደበት ዕለት ጋር ልክ 51 ዓመት ይገጥማል። ሳላዲን የፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ ቀድማ አገባች። በ10 ሰው የሚጫወተው የሰውነት ቢሻው ቡድን ግን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። በጥር 17 ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ ከአራቱ ጎሎች ሦስቱን ያስቆጠረችው የራስዋ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ መሆኑ ሽንፈቱን ይበልጥ መራራ አደረገው። በጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ በሩስተንበርግ ናይጄሪያ በቪክቶር ሞሰስ ሁለት የፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በመውጣቱና ቅያሪም በማለቁ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ። በኋላ ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ቡድኖች ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ከዚሁ ምድብ የወጡ መሆናቸው ሲታሰብ አንዷ ነጥብ እንደ ቀላል የምትታይ አይደለችም።

አሁን ወደ ደጋፊው እንመለስ። በኔልስፕሩይት የምቦምቤላ ስታዲዮም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሶ የታየው ሕዝብ ጥቂቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሄደ ነበር። የሚበዛው ግን አስቀድሞ በደቡብ አፍሪካ የሚኖር፣ በጆሐንስበርግ ጄፒ ጎዳናና በየጥቁሮች መንደር ሱቅ ከፍቶ ወይም ዕቃ አዙሮ የሚያድር ኢትዮጵያዊ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ በሞያሌ በኩል ወጥተው፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በጭነት መኪና፣ አንዳንዴም በእግር አቋርጠው የደረሱ ናቸው። ያ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስታዲዮም ሲገባ ኳስ ለማየት ብቻ ነው ማለት ያዳግታል። በስደተኛ ወረቀት በሚኖርበት አገር፣ በ2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ሱቅ ሲዘረፍና ሰው ሲገደል ያየ ሰው፣ ለ90 ደቂቃ የአገሩን መዝሙር በአደባባይ ሊዘምር ተፈቀደለት። ከሜዳው ውጭ ይህን የሚሰጠው ቦታ የለም። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ደጋፊው ሄደ እንጂ ደጋፊው ወደ ቡድኑ ሄደ ቢባል ትክክል አይሆንም።

በዚያው ዕለት ግን የማያስመሰግን ነገርም ተፈጸመ። ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ሲወጣ ከደጋፊው ወገን ቩቩዜላና ሌላም የተገኘ ዕቃ ወደ ሜዳው ተወርውሮ ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋረጠ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም ፌዴሬሽኑን በገንዘብ ቀጣ። በሰው አገር የሚወረወር ጠርሙስ የወርዋሪውን ስም አይጠይቅም፤ የሚጻፈው በአገሩ ስም ነው። በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ዳኛውን የሚረግም ሰው ግን አንድም አገር አያስቀጣም። ሂድ የሚለው ወገን ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ስለ ወጪ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ አባል ደመወዙን ያውቃል። ሆኖም አንድ ነገር ሊጠቀስ ይገባል። በጥር 2005 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ18 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ግን ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የያኔውን ጉዞ እያስታወሱ የዛሬውን የሚያሰሉ ሰዎች ይህን ይረሳሉ። ከዘንገና አዲስ አበባ ድረስ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ እንደ ልብ የሚኬድበት ሳይሆን የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞያሌ ሳይደረስ ደጀን አለ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን በቴሌቪዥን ማየት ይበቃል የሚለው አስተያየት ትክክል ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ስፍራ እንዲህ ያለውን አስተያየት መስማት ይልቁንም ይገርማል። የዘንገና ሐይቅ ፎቶግራፍ በየሆቴሉ ግድግዳ ተሰቅሏል፤ ነገር ግን ፎቶግራፉን ያየ ሰው ሐይቁን አይቷል የሚል የእንጅባራ ሰው የለም። ከመኪና ሳይወርድ የሚያልፍ መንገደኛ ደኑን ያይ ይሆናል፤ እሳተ ገሞራ ቆፍሮት ከ160 ሜትር በላይ የጠለቀውን ውሃ ግን ቁልቁል ቆሞ ያልተመለከተው አያውቀውም። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል፣ ፈረስ በሽምጥ ሲያልፍ ከእግር በታች የሚሰማውን የመሬት መንቀጥቀጥ የትኛው ካሜራ ይዞት ያውቃል? እንግዳ ከሩቅ መጥቶ በዓሉን እንዲያይለት የሚመኝ አገር፣ የራሱ ሰው ወደ ሌላው በዓል ሲሄድ ገንዘብ አባከነ ሊለው አይገባም። (በነገራችን ላይ፣ በ2005 ዓ.ም. እስከ ናይጄሪያው ግጥሚያ የቈየ የአዊ ሰው ለፈረሱ በዓል ለመድረስ የነበረው ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ኮርቻውን ማን እንዳዘጋጀለት እንጃ።)

ከዚህም ሌላ፣ «በአገር ውስጥ ይታይ» የሚለው ምክር ራሱ በቅርብ ዓመታት መሠረቱ ተናግቶበታል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲዮም ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ከእንጅባራ የተነሣ ደጋፊ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ጨዋታውን አይቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ዘወትር ሊሆን የሚገባው የደጋፊ ጉዞ ይህ ነው። ነገር ግን የአገሪቱ ስታዲዮሞች የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ ሳያሟሉ በመቅረታቸው የቤት ጨዋታው ከአገር ወጣ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅ 2 ለ 0 የተሸነፈችው በሊሎንግዌ፣ በማላዊ ነው። ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ በግብፅ ላይ ከተገኙት ድሎች እጅግ የሚያኰራው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ባለቤቱ ግን በቤቱ አላየውም። ደጋፊው ወደ ውጭ ይሂድ ወይስ አይሂድ ብሎ ከመከራከር በፊት ጨዋታው ራሱ ስለ ምን ወደ ውጭ ሄደ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል፤ ለስታዲዮም ሽንት ቤት፣ ለመልበሻ ክፍልና ለወንበር ያልወጣው ገንዘብ በመጨረሻ ከደጋፊው ኪስ ይወጣል።

ስለ ደኅንነት ጥቂት ይጨመር። በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው ውድድር በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲዮም በር ላይ በተፈጠረው መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል። ሟቾቹ ሊጨፍሩ የመጡ የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ። በሰው አገር ሆኖ በሩን የማያውቅ፣ ቋንቋውን የማይሰማ እንግዳ በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ጉዞውን አያስቀርም፤ ብቻውን እንዳይሄድ ግን ያስገድዳል።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ቀጥሎ ያለው ነው። በአማርኛ «ከአገር ወጣ» ሲባል ሄዶ ይመለሳል ማለትም ነው፤ ላይመለስ ሄደ ማለትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሩሲያ ለዓለም ዋንጫ ተመልካች ያለ ቪዛ የሚያስገባ የደጋፊ መታወቂያ ስትሰጥ፣ ሥራ ታገኛለህ ተብሎ በደላላ የተታለለ ብዙ የናይጄሪያ ወጣት በሞስኮ ሜዳ ላይ ቀርቷል። የ2027ቱ ውድድር ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው፤ በኢትዮጵያና በኬንያ መካከልም ዜጎች ያለ ቪዛ የሚተላለፉበት ስምምነት ለረዥም ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ለደጋፊው የተመቸ በር ለደላላውም የተመቸ ነው፤ በሩም ያው ሞያሌ ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዶዶማ አጠገብ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው የተገኙት፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ 64 አስከሬን ከአንድ ኮንቴይነር የወጣው፣ በዚህ በር ጀምሮ ወደ ደቡብ በሚወርደው መስመር ነው። የቡድን መለያ ለብሶ ናይሮቢ ደርሶ፣ «ከዚህ ደቡብ አፍሪካ ቅርብ ነው» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ የሚቀር አንድ የአባል ልጅ ቢገኝ፣ የፈቀደለት ማን ነው ተብሎ የሚጠየቀው ብድሩን የሰጠው ማኅበር ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ሲሰጥ፣ ቡድኑ ያለፈ እንደ ሆነ ችሎታው ያለው ደጋፊ ይሂድ። የሚሄደውም ፓስፖርቱን በእጁ ይዞ፣ የመመለሻውን ትኬት ከመነሻው ጋር ቈርጦ፣ ከዓመት ዕረፍቱ ቀን አስቈጥሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይሁን። የመረዳጃው ገንዘብ ግን ለዚህ አይነካ። ታሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል የተኛ አባል በሚጠብቀው ብር ሌላው አባል ናይሮቢ ኳስ ሊያይ አይገባውም፤ ብድሩ ይመለሳል ቢባልም ሕመም የብድር መመለሻ ቀን አይጠብቅም።

ለዚህ የሚሆን ሌላ መንገድ ሕዝቡ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ይዞታል፤ እርሱም ዕቁብ ነው። መሄድ የሚፈልጉ አባላት ከዛሬ ጀምሮ የራሳቸውን ዕቁብ ይጣሉ፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን ራሳቸው ይምረጡ፤ ዕጣ የደረሰውም ተያዥ ይጥራ። ማኅበሩ በበኩሉ የፈቃድ ቀን በማስተካከልና ተጓዦቹ የሚያድሩበትን አስቀድሞ በማጠያየቅ ቢረዳ ይበቃዋል። ቡድኑ ሳያልፍ የቀረ እንደ ሆነም ዕጣው የደረሰው አባል ገንዘቡን ለፈለገው ያውለዋል፤ ለድንች ዘር ይሁን ለልጁ የደንብ ልብስ የሚጠይቀው የለም።