‹‹ሪፓትሪዬሽን›› ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል እናወጋለን። ‹‹ሪፓትሪዬሽን›› ትባላለች። የስደተኛ ጉዳይ በሚነሣበት ቦታ ሁሉ አትጠፋም።

ምንጯ ላቲን ነው። ‹‹ፓተር›› አባት፣ ‹‹ፓትሪያ›› የአባት አገር ማለት ነው፤ ከፊት የገባችው ‹‹ሪ›› መመለስን ታመለክታለች። ስትፈታ እንግዲህ ወደ አባት አገር መመለስ ናት። እኛ በእናት የምንጠራውን እነርሱ በአባት ጠሩት።

ቃሏ ድንበር ትፈልጋለች። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅሎ እዚህ መቀሌ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለለውን ሰው፣ ወደ ቀዬው ቢመለስ እንኳ አትመለከተውም። ተከዜን ተሻግሮ ሱዳን የገባው ጎረቤቱ ሲመለስ ግን በእርሷ ይመዘገባል። የሁለቱም ናፍቆት አንድ መንደር ነው!

ደግሞም ቶሎ ታበቃለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። በመዝገቡ ቦሌ ሲያርፉ ጉዳዩ ተዘጋ። ገንዘብ ስትልክበት ወደኖረችው ቤት ባዶ እጇን የገባች እኅት ግን ‹‹ምን ይዘሽ መጣሽ?›› የሚለው ዐይን ነው የተቀበላት። ይህን ያደረግነው እኛው ቤተሰቦቿ ነን፤ በቢሮ ማሳበብ አያዋጣም።

ከስደት የተመለሰ ሰው አቀባበል ደግሞ ለእኛ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ከመቀሌ በስተሰሜን ያለችው ነጃሺ የምታስታውሰን ሙሃጂሮች እነ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ከሐበሻ የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። የተመለሱትም ወደ ተወለዱባት መካ ሳይሆን ኖረውባት ወደማያውቋት መዲና ነበር። የጃዕፈር ልጅ ዐብደላህማ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነው፤ ላቲኑ ለእርሱ ምን ሊል ነው?

ሲደርሱ የኸይበር ዘመቻ አልቋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ጦርነቱ ላይ ላልነበሩት ለእነዚህ የመርከብ ሰዎች ከምርኮው ድርሻ ሰጧቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) የጃዕፈርን ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስን ‹‹በሂጅራ ቀድመናችኋል›› ቢሏት ተቆጥታ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደች። የእነርሱ ሂጅራ አንድ፣ የመርከቦቹ ሰዎች ግን ሁለት መሆኑን ነገሯት። ከዚያ በኋላ አብረዋት የመጡት ሁሉ በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ ቤቷ ይመጡ፣ ያን ቃል ደግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር።